የባለካርታው አረንጓዴ ከተማ

ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ሁሉም «ባለካርታው» ይሉት ነበር። ካርታ ግን ሠርቶ አያውቅም። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። በኢንተርኔት የሚከፈተውን የከተማዋን ካርታ የሠሩት ባለሙያዎች አስረክበው ሲሄዱ የይለፍ ቃሉ እሱ እጅ ስለቀረ ብቻ ባለቤቱ ሆኖ ተገኘ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ነዋሪው በስልኩ ካርታውን ይከፍትና ችግር ያየበትን ቦታ ሲነካ ቀይ ነጥብ ይበራል። ማዘጋጃ ቤቱ ችግሩን ሲፈታ ነጥቡ አረንጓዴ ይሆናል። ከንቲባው በምረቃው ዕለት «ከእንግዲህ እኛንና ሕዝቡን የሚለየን አንድ ጣት ብቻ ነው!» ሲሉ ጭብጨባው ጣራ ሊያነሳ ደረሰ። ሕዝቡም የምር አደረገው። ሳምንት ሳይሞላ ካርታው ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን መሰለ። የፈነዳ ቱቦ፣ የጠፋ መብራት፣ ክዳኑ የተሰረቀ ጉድጓድ፣ ምኑ ቅጡ! አንዱማ የገዛ ቤቱን ነክቶ «እዚህ ሰላም የለም፣ ማዘጋጃ ቤቱ ይግባልን» ብሎ ጻፈ።

ከንቲባው ቢሯቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ስክሪን አይተው ደማቸው ፈላ። ባለካርታውን አስጠሩት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሕዝብ ተሳትፎ ነው፣ ክቡር ከንቲባ።»

«ተሳትፎውስ ጥሩ ነው፤ ቀለሙ ነው የሚያስጠላው። እስከ ሰኞ አረንጓዴ አድርገው።»

«ችግሮቹን ለመፍታት እንኳ የውሃና የመንገድ ክፍሎች...»

«ስለ ችግር ማን አወራ? እኔ የማወራው ስለ ቀለም ነው!»

ባለካርታው ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበሩን የሚወድ፣ አለቃ ፊት ወገቡ ቶሎ የሚታጠፍ ሰው ነበር እንጂ። ቢሮውን ዘግቶ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ይነካ ጀመር። መጀመሪያ ላይ እጁ ከበደው፤ እየቆየ ግን ለመደውና እያፏጨ ይሠራው ገባ። አንዱን ነጥብ በነካ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱ ለአመልካቹ «ችግርዎ ተፈትቷል፤ ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ይልካል።

ፉጨቱን ያቋረጠው ስልኩ ነው። እናቱ ነበረች።

«ልጄ፣ ማዘጋጃ ቤታችሁ መልእክት ላከልኝ። ፍሳሹ ተፈትቷል ይላል።»

«የቱ ፍሳሽ፣ እማዬ?»

«ደጄ ላይ የፈነዳው ነዋ! እህትህ በስልኬ አስመዝግባልኝ ነበር። እኔ ግን አሁንም ቀሚሴን ሰብስቤ በጡብ ላይ እየዘለልኩ ነው የምገባው። መነጽሬን ልቀይር ወይስ መጥተህ ታያለህ?»

«የሲስተም ችግር ይሆናል፣ አጣራለሁ።»

«ሲስተም ደግሞ ማን ነው? እስቲ ይዘኸው ናና ላናግረው።»

ነጥቡን ወደ ቀይ ሊመልሰው አሰበ። የከንቲባው ስክሪን ትዝ ሲለው ተወው።

ከተማዋ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነች። ዝናዋ ርቆ ተሰማና ከሌላ ከተማ የልምድ ልውውጥ ቡድን መጣ። የቡድኑ መሪ ዓይኗ የማያርፍ ሴት ነበረች። «እስቲ አንዱን በዓይናችን እንየው» አለች። ከንቲባው ያንን ሁሉ አረንጓዴ ሲያዩ ከርመው እውነት መስሏቸዋል። «ደስ ያላችሁን ምረጡ!» ብለው ደረታቸውን ነፉ። ሴትየዋ ጣቷን ካርታው ላይ አሳረፈች። ባለካርታው ሲያይ የእናቱ ሰፈር ነው።

«እሱ መንገድ እንኳ... ዛሬ ጥገና ላይ ነው» አለ።

«ተፈትቷል ይል የለም እንዴ?» አሉት ከንቲባው ኮስተር ብለው።

አውቶብሱ ወደ ሰፈሩ ታጠፈና ጥቂት እንደሄደ የፊት ጎማው ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ሽታው ከእንግዶቹ ቀድሞ ወንበር ያዘ። ሲወርዱ የከንቲባው የሚያብረቀርቅ ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገባ። ጎረቤቱ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ያያል።

«ምናለ ብትገፉልን?» አሉ ከንቲባው።

«ካርታው ላይ ያስመዝግቡ ጌታዬ» አላቸው አንድ ባለሱቅ ከደጃፉ። «ተፈትቷል የሚል መልእክት ሲደርስዎ ወጥታችኋል ማለት ነው።»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። እናትየውም በጡቦቹ ላይ እየተረማመደች ብቅ አለች። «መጣህ ልጄ? ሲስተም የሚባለው እኚህ ናቸው?» አለች ከንቲባውን እያየች። ከንቲባው በርበሬ መሰሉ።

የቡድኑ መሪ ባለካርታውን ለብቻው ጎተተችው። ሊዋረድ ተዘጋጅቶ አቀረቀረ።

«እውነቱን ንገረኝ» አለችው በሹክሹክታ። «ቀለሙን የምትቀይረው አንተ ብቻ ነህ?»

«አዎ።»

«ታድላችሁ! የኛ ካርታ እኮ ነዋሪው ራሱ ካላረጋገጠ አይቀየርም። ቀይ እንደሆንን ቀረን!»

እንግዶቹ በሌላ መኪና ሲሸኙ ባለካርታው ወደ እናቱ ቤት ገባ። እግሩን የሚታጠብበት ውሃ አቀረበችለት።

«የከፋኝ መዋሸትህ አይደለም» አለች። «አለቃህ ነው ያዘዘህ፣ ይገባኛል። ግን ያ የነካኸው ነጥብ ስሜ ተጽፎበት ነበር። እሱን እንኳ አላነበብከውም?»

አላነበበውም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ በካርታው ላይ ቀይ በቀይ ሆኖ አደረ። ሰፈሩ ተጠራርቶ ነክቶታል። አንዱ «እዚህ ይዋሻል»፣ ሌላው «እዚህ ቀለም ይቀባል» ብሏል። ከሁሉ በላይ ያለው የእናቱ ነበር፦ «ችግር፦ ልጄ እዚህ ይሠራል።»

ይሄንን አነበበው። ደግሞ አነበበው።

ከንቲባው በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። «አሁኑኑ አጥፋልኝ!»

«ይሄኛው አልተፈታም፣ ክቡር ከንቲባ» አለ። እሳቸው ቆመው እያዩም፣ ችግሩ ሳይፈታ አረንጓዴ ያደረጋቸውን ነጥቦች ሁሉ ወደ ቀይ መለሳቸው።

ሳይውል ሳያድር ወደ መካነ መቃብር አስተዳደር ተዛወረ። በቦታው የተሾመው ሰው ብልህ ነበር፤ ቀይ የሚባለውን ቀለም ጭራሽ ከካርታው አስወጣው። አሁን ያልተፈታ ችግር በፈዛዛ አረንጓዴ፣ የተፈታው በደማቅ አረንጓዴ ይታያል። የእናቲቱ ደጅ ፈዛዛ ነው።

«አዲሱ ሥራህ ምንድን ነው?» አለችው አንድ ቀን።

«ለሟች ቤተሰብ የቀብር ቦታ እመራለሁ።»

«ቦታውን ሄደህ አይተህ ነው የምትመራው?»

«አዎ፣ ሄጄ አይቼ ነው።»

«እንግዲያማ ሥራ ይዘሃል» አለችና ወንበር ሳበችለት።