አያ የተባልኩበት ስብሰባ

ጎንደር ካለ አንድ ድርጅት ባንቺአየሁ የምትባል ሠራተኛ ወደ እኛ ቀበሌ የመጣች ዕለት፣ ስብሰባው ከቅዳሴ በኋላ በጽሕፈት ቤቱ ደጅ ተጠራ። እንደ ልማዳችን ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ፣ ወጣቶች ግንቡ ሥር፣ ሴቶች ራቅ ብለው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። እኔ ግንቡ ሥር ነበርኩ። ምንይችል እባላለሁ። ዕድሜዬ ሃያ አራት ነው፤ ትምህርት ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ያቆምኩትም ሰንፌ አይደለም፤ አንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ከገደሉ ወጥቶ ወንበሬን ያዘብኝ። እስካሁን ዲፕሎማውን ሳይወስድ አይቀርም።

ባንቺአየሁ ረጋ ብላ አስረዳች። ድርጅቱ «የተገለሉ ወጣቶች» የሚላቸውን ጎንደር ወስዶ የሶላር ጥገና ያስተምራል። ማደሪያና ምግብ ይችላል፤ ሲጨርሱም የሥራ ዕቃ ሰጥቶ ይመልሳቸዋል። ዕድሜያቸው ግን ከሠላሳ በታች መሆን አለበት።

«የተገለለ ስትይ ምን ማለትሽ ነው ልጄ?» አሉ የአገሩ ሽማግሌ አያ ባህሩ።

«ሰው ሲጠራ የሚረሳ ማለቴ ነው።»

«እኛ ዘንድ የሚረሳ የለም። ለልቅሶውም ለድግሱም ሁሉም ይጠራል» አሉ ቅር ብሏቸው።

የወጣት ማኅበሩ ሊቀመንበር አብዮት ግን ሰዎቹን ቀድሞ መርጦ ነበር። አብዮት የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ሽበቱን በኮፍያ ይሸፍናል። እኔንም መርጦኛል፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ «ትንሽ ይራቅልን ብዬ ነው» አለ። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ እኔ ደስ ብሎኛል። ለላማችን ግንባሯ ላይ መብራት ልገጥምላት ቃል ገብቼላት ነበር።

ታዲያ ዓይኔ ሴቶቹ ጋ ሄደ። የጎረቤታችን ልጅ እናኑ ባልቴቶች መሀል ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። በዐሥራ አምስት ዓመቷ ተዳረች፤ በዐሥራ ሰባት ፈታ አባቷ ቤት ገባች፤ አሁን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወጣት ሲጠራ እሷን የሚያስታውስ የለም። የሴቶች እርዳታ ሲመጣ ደግሞ ቤት ለያዘች ነው ይላሉ፤ እሷ የያዘችው የአባቷን ቤት ጥግ ነው። ስለዚህ ድንበር ለሚያሻግር ደላላ እሺ ብላለች። ሰኞ ሊወስዳት ነው። ከመተማ ወዲያ የት እንደሚያደርሳት እሱም አልነገራት፣ እሷም አልጠየቀች።

ተነሥቼ ሄድኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ምነው ምንይችል፣ ቀሚስ አማረህ?» አለ አብዮት።

«ንፋሱ ነው ያመጣኝ» አልኩ። «ወይዘሪት ባንቺአየሁ፣ የእኛ አገር ንፋስ ክፉ ነው። ይቺን ልጅ ከወጣቶች መሀል አንሥቶ ባልቴቶች ላይ ጣላት። የሚነሣው በሠርግ ሰሞን ነው። ወንድ ግን አይደፍርም፤ ሦስት ልጅ የወለደውን አብዮትን እንኳ ከግንቡ ሥር አላነቃነቀውም።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ባንቺአየሁ ወደ እናኑ ዞረች።

«ከእነሱ ጋር ምነው አልተቀመጥሽ?»

«የጠራኝ የለም። ብሄድም ምን ፈልጋ መጣች ይሉኛል» አለች እናኑ።

«ፈት ናት እኮ» አለ አብዮት።

«መፍታት ዕድሜ ይጨምራል እንዴ?» አለች ባንቺአየሁ።

አያ ባህሩ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«የምፈልገው እንዳንቺ ያለችውን ነበር» አለች ባንቺአየሁ። «ግን ቦታው ሞልቷል። ከተመረጡት አንድ ሰው ካልቀረ መጨመር አልችልም።»

ግንቡ ሥር ያሉት ሁሉ መሬት መሬት አዩ። እኔም አየሁ። ጎንደርን በጣም እፈልጋት ነበር፤ ይህን ስል አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

«ተዉት፣ እኔ የሰኞ መንገደኛ ነኝ» አለች እናኑ፤ ድምፅዋ ውኃ ቅጂ የተባለች ሰው ይመስላል።

«እኔ አርባ ዓመቴ ነው» አልኩ።

ሳቁ ሲበርድ ባንቺአየሁ አገጬን አየች። «ጢም እንኳ የለህም።»

«በብርዱ ምክንያት ነው። ጢሜ በየዓመቱ እስከ አገጬ ይመጣል፤ ውርጩን ሲያይ ይመለሳል። በውስጥ በኩል ጉልበቴ ጋ ደርሷል።»

«ምስክር አለህ?»

ዞሬ ሰዉን አየሁ። እዚህ አገር የእኔን ቃል እናቴ እንኳ አታምንም። ያኔ አያ ባህሩ ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ እናኑን አዩ፤ ሰባ ዓመት ሙሉ ያልዋሹበትን አፋቸውን ከፈቱ።

«እኔ ስዳር ሚዜዬ ነበር» አሉ።

ባንቺአየሁ ትክ ብላ አየቻቸው። «እንግዲህ ሽማግሌ ከመሰከረ» አለችና በእኔ ቦታ እናኑን ተካች።

ሰኞ ደላላው ሲመጣ እናኑ የጎንደሩን አውቶቡስ ይዛ ሄዳለች። አሁን አዘዞ አካባቢ ጣሪያ ላይ ወጥታ እንደምትሠራ ደውላ ነግራናለች። አባቷ በስልክ «እንዳትወድቂ» ከማለት በቀር ሌላ ወሬ የላቸውም።

እኔ ግን አርጅቼ ቀረሁ። የአያ ባህሩን ምስክርነት ማን ያፈርሳል? ኳስ ልጫወት ስገባ ልጆቹ ጨዋታቸውን አቁመው «አያ ምንይችል፣ ይለፉ» ይሉኛል። ግንቡ ሥር ስጠጋ አብዮት «አያ፣ ቦታዎ እዚያ ነው» ብሎ አግዳሚውን ያሳየኛል። ሽማግሌዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለውልኛል፤ ባልና ሚስት ሊያስታርቁ ሲሄዱም ይዘውኝ ይሄዳሉ።

ባለፈው ሰሞን ሌላ ድርጅት ደግሞ ወጣት ፈልጎ መጣ። የከብት እርባታ ነው፤ ሸጋ ነገር ነው። ሥራ የሌለው ወጣት እጁን ያውጣ ሲባል አወጣሁ።

አያ ባህሩ ቀና እንኳ ሳይሉ «አውርድ፤ በስተርጅና ውሸታም አታድርገኝ» አሉኝ።

አወረድኩ።