በራሱ የሚነሳው ክንፍ

ድንቅነሽ መተማ ዮሐንስ ውስጥ የትራክተር ጋራዥ አላት። ከሽንፋ እስከ ገለጉ፣ ማሳ መሀል ተበላሽቶ የቆመ ትራክተር ካለ «ለድንቄ ደውሉላት» ይባላል። በዚያ ሚያዝያ ግን ግቢዋ የገባው ትራክተር አልነበረም። ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ጀርባዋ ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ፣ አሮጌ ቀይ የስፖርት መኪና ነበረች።

ይዟት የመጣው ሙዓዝ ይባላል። ጦርነት ከካርቱም ያስወጣው ወጣት ነው፤ እናቱ ኢትዮጵያዊት ስለሆኑ አማርኛውን ከልጅነቱ ያውቀዋል። አባቱ ገዳሪፍ ላይ ታመው አርፈዋል። እናቱ ወይዘሮ ሀብትነሽ ቀድመው ተሻግረው ጎንደር እህታቸው ቤት ገብተዋል። ሙዓዝ የአባቱን መኪና ሊያደርስላቸው ደጋግሞ ተነስቶ፣ ደጋግሞ ከዳገቱ ተመልሷል።

«ሜዳ ላይ ደህና ናት» አላት። «ዳገት ስትጀምር ግን ትግላለች። እሳት ነው የምትሆነው፣ እህቴ!»

«እስኪ ራዲያተሩን ልየው» ብላ ድንቅነሽ የፊቱን ኮፈን ከፈተች። ውስጡ አንድ ሻንጣና ትርፍ ጎማ ብቻ አለ። ሞተር የለም።

ሙዓዝ ሳቀ። «ሞተሯ ከኋላ ነው። ራዲያተርም የላትም፤ በአየር ነው የምትቀዘቅዘው።»

እሷም ሳቀች። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር አዲስ አልሆነባትም፤ እንዲህ ጭራ ስር ተደብቆ ግን አይታ አታውቅም። ዘይቱን አየች፣ ማራገቢያውን አዞረች፣ ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቺንጋ በጣቷ ጫን ጫን አደረገች። ሁሉም ደህና ነው። «በል እንንዳት» አለችው።

ወደ ሸኸዲ በሚወስደው አስፋልት ላይ ወጡ። ሙዓዝ ነዳጁን ረገጥ ሲያደርግ ድንቅነሽ የሞተሩን ድምፅ ለመስማት ወደ ኋላ ዞራ ነበርና፣ የመኪናዋ ጀርባ ብድግ ሲል አየች።

«አቁም! ክዳኑ ተከፈተ!»

«አልተከፈተም። ስፖይለር ነው፤ ክንፍ በይው። ሰማንያ ስትደርስ በራሷ ታነሳዋለች፣ ዝግ ስትል መልሳ ታስተኛዋለች።»

«ማን ነግሯት ነው የምታነሳው?»

ሙዓዝ ትከሻውን ሰበቀ። አስቦበት አያውቅም። «ንፋሱ ይሆናላ» አለ።

መልሱ ድንቅነሽን አላረካትም። በማግስቱ የመኪናዋን ኋላ በክሪክ አንስታ፣ በወፍራም ግንድ አስደግፋ፣ ሙዓዝን መሪው ላይ አስቀመጠችው። ማርሽ አስገብቶ ነዳጅ ሲሰጥ ጎማዎቹ አየር ላይ ተሽከረከሩ። ቆጣሪው ሰማንያ ሲነካ ያ ክንፍ ቀስ ብሎ ተነሳ። ግቢው ውስጥ ቅጠል የሚያወዛውዝ ንፋስ እንኳ የለም።

«ጎማዋን ነው የምታምነው!» ብላ ጮኸች ድንቅነሽ። «ቆማ ሳለ የምትሮጥ መስሏታል!»

ክንፉ እንደተነሳ ጎንበስ ብላ ስሩን አየች። ወንፊት የመሰለ መተንፈሻ አለ። ከጎረቤት ጥጥ አስመጥታ ቁራጩን በክር አሰረችና ወደ ወንፊቱ አስጠጋችው። ጥጡ ከእጇ ተመንጭቆ ተለጠፈ። ሙዓዝ ነዳጁን ለቀቅ አድርጎ ክንፉ ሲተኛ፣ በጠርዙ በኩል ያስጠጋችው ጥጥ ዳር ዳሩን ብቻ ተርገበገበ።

«ና እየው» አለችው። «በዚህ ነው የምትተነፍሰው። ዳገት ላይ ቀስ ስትል ክንፉ ይተኛል፤ ሞተሩ በጣም በሚለፋበት ሰዓት አፍንጫዋን ትይዛለች።»

«ታዲያ ተነስቶ ቢቀርስ?»

«እሱን ነው የማስበው።»

ያሰበችውን ወዲያው ሞከረችው። ክንፉ እንደተነሳ ከስሩ የእንጨት ሽብልቅ ወሸቀችበት። መኪናዋ ልታስተኛው ስትል የክንፉ ሞተር አቃሰተ፤ ከዚያ ቀጭን የመቃጠል ሽታ መጣና ዝም አለ። ሙዓዝ ዘሎ ወረደ።

«ኸላስ! በቃ ተይው። አባቴ አቧራ እንኳ አያስነካትም ነበር።»

ሄዶ ግቢው ጥግ ካለችው የኒም ዛፍ ስር ተቀመጠ። ድንቅነሽ አልተከተለችውም። ሽብልቁን አውጥታ ወረወረችውና ፊውዞቹን አንድ በአንድ አየች። የተቃጠለው አንድ ፊውዝ ነው፤ የክንፉ ሞተር ተርፏል። አዲስ ፊውዝ አስገብታ ሄዳ ከጎኑ ቆመች።

«ደህና ናት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እንዴት እንደምታስብ ሳላውቅ አስገደድኳት። አሁን ግን መቀመጫው ስር ያለውን ሳጥን አሳየኝ። ሽቦው ሁሉ ወደዚያ ነው የሚሄደው።»

ሙዓዝ ጥቂት አንገራግሮ ተነሳ። ጎማዎቹን እንደገና አየር ላይ አስሮጣቸው፤ እሷ በመፈተሻ አምፖል ሽቦዎቹን ተራ በተራ ነካካች። ክንፉ ሲነሳ አምፖሉን የሚያበራው አንዱ ሽቦ ነው፤ ሲተኛ የሚያበራው ሌላው።

«መነሳቱን ለሷ እንተውላት» አለች። «መተኛቱን ብቻ እኛ እንዘዝ።»

«ቀዳዳ ሳትበሽ?»

«አንዲት ቀዳዳ አልበሳም።»

የሚያስተኛውን ሽቦ ቆርጣ መሀሉ ላይ የትራክተር መብራት ማብሪያ አስገባች፤ ማብሪያውንም ከመቀመጫው ጎን በጨርቅ ፕላስተር አሰረችው። ሞከሩት። ክንፉ ተነሳ፤ ጎማው ቆመ፤ ክንፉ አልተኛም። ሙዓዝ ማብሪያውን ሲጫነው ተኛ። ልጁ ሳያስበው እየደጋገመ «አልሐምዱሊላህ» አለ።

ጎንደር አብራው ለመሄድ ተነሳች። ውጤቱን ሳታይ እንቅልፍ የሚወስዳት ሴት አይደለችም። ሸኸዲ ሳይደርሱ ኬላው ላይ ክንፏን እንዳቆመች ደረሱ። ፖሊሱ አለምሰገድ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት።

«ድንቄ፣ ይኼ ከጀርባዋ የቆመው ምንድን ነው?»

ሙዓዝ ማብሪያውን ነካ አደረገ። ክንፉ ተኛ። አለምሰገድ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«እስኪ አንሱት ደሞ!»

«ቆማ አታነሳም» አለችው ድንቅነሽ። «መሮጥ አለባት።»

ፖሊሱ መንገዱን ግራ ቀኝ አየ፣ ገመዱን ዝቅ አደረገ። «እንግዲያስ ወደኋላ ተመለሱና ሮጣችሁ ኑ። ክንፉን ካየሁ በኋላ ነው የምፈትሻችሁ።» ተመልሰው መጡለት። ክንፉ ብድግ ሲል የተሰለፈው የሚኒባስ ተሳፋሪ ሁሉ አጨበጨበ።

ከነጋዴ ባሕር በኋላ ዳገቱ ጀመረ። ከጭነት መኪና ኋላ እየተንፏቀቁ ወጡ። ሁለቱም ዓይናቸውን ከሙቀት መለኪያው አልነቀሉም። መርፌው ወጣ፣ ቆመ፣ ጥቂት ወረደ። አይከል ሊደርሱ ሲሉ ግን እንደገና ሽቅብ ሄደባቸውና ጥላ ፈልገው አረፉ። ያም ሆኖ ሙዓዝ እዚህ ድረስ ነድቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ደጋው ራሱ አቀዘቀዘላቸው።

ወይዘሮ ሀብትነሽ በር ላይ ጠበቋቸው። ልጃቸውን አቅፈው ብዙ አለቀሱ። ከዚያ መኪናዋን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉና ክንፉ ላይ ደረሱ።

«ይኼ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ድሮም አላት እማ። ስትሮጥ ነው የምታወጣው።»

«እኔ አንድ ቀን አላየሁትም» አሉ እየተገረሙ። «አባትህ እኔን ሲጭን ዕንቁላል እንደጫነ ሰው ነበር የሚነዳ። በል ውሰደኝ፣ ልየው።»

ሙዓዝ በማብሪያው ክንፉን አስተኝቶ አዘዞ መንገድ ላይ ወጡ፤ ድንቅነሽ ከኋላ ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠች። ክንፉ ሲነሳ እናቲቱ ዞረው አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ልጄ፣ ሲሠሩት ለምን ብለው ነው?» ሲሉ ድንቅነሽን ጠየቋት።

«መኪናዋን ወደ መሬት እንዲጫናት ነው ይላል ሙዓዝ፣ እማማ። እንዲህ ያለ ቆርቆሮ እንዴት አድርጎ እንደሚጫናት ግን ለእኔም ገና አልገባኝም።»

በማግስቱ ወደ መተማ በሚኒባስ ስትመለስ መስኮት ዳር ተቀመጠች። ቁልቁለቱ ላይ እጇን አወጣችና መዳፏን እንደዚያ ክንፍ ዘርግታ የፊት ጠርዙን ቀና አደረገችው፤ ንፋሱ እጇን ወደ ላይ ወሰደው። ዘቅዘቅ ስታደርገው ወደ ታች ደፈቀው።

«እቴ፣ እጅሽን አስገቢ!» አለ ረዳቱ።

አስገባች። ወደ ሌላ ሰው ዞር ሲልላት መልሳ አወጣችው።