ሾርባውን ማን ሠራው?

የባሌ ታላቅ ወንድም የእራት ሾርባውን ጠጥቶ ሳይጨርስ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። ሐኪሙ የአይጥ መርዝ ነው አለ። አንዲት የፖሊስ ሳጅን መጥታ «ሾርባውን ማን ሠራው?» ብላ ስትጠይቅ ቤተሰቡ ባንድ አፍ «እሷ!» አለ። ሌላ ማን ይሆናል? ቤት ውስጥ ሴት ካለች ምን ምርመራ ያስፈልጋል!

እኔ እንኳን ሾርባ፣ ውሃ ማፍላትም አይሆንልኝ። ሥራዬ ፍሪጅ መጠገን ነው። ከተጋባን ጀምሮ የሚያበስለው ባሌ ነው፤ የወጥ ቤቱን በር ዘግቶ፣ ሽርጥ አሸርጦ። እኔ ሳህኑን ይዤ እወጣለሁ፤ አማቴ «እጅሽን ይባርከው፣ ባለሙያ!» ሲሉኝ አሜን እላለሁ። ከሰው አፍ ለመዳን ነው እንግዲህ። ያን ዕለትም ሳህኑን ያቀረብኩት እኔ ነኝ።

ባሌን አየሁት። «እኔ ነኝ የሠራሁት» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። አጅሬ ጫማውን ያያል! በግኜ «እሱ ነው የሚያበስለው!» ብዬ ጮህኩ።

አማቴ ደረታቸውን መቱ። «መግደሏ ሳያንሳት የልጄን ስም ታጠፋለች!»

ሳጅኗም «እቱ፣ ሌላ ውሸት ፈልጊ» ብላ ይዛኝ ሄደች።

በማግስቱ ባሌ ምሳ ይዞልኝ ጣቢያ መጣ። ለእስረኛ ምግብ ያመጣ ሰው ፖሊስ ፊት መቅመስ አለበት፤ ደንብ ነው።

«ማን ሠራው?» አለችው ሳጅኗ።

«እህቴ።»

«ቅመስ።»

ቀመሰ። ግንባሩን ቋጠረ። ከዘበኛው ምሳ አጠገብ ጨው አየና ቆንጠር አድርጎ ነሰነሰበት፤ አማሰለ፤ ደግሞ ቀመሰ፤ የሳህኑን ጠርዝ በጨርቅ ጠረገ። ለኔ ተጨንቆ እንዳይመስላችሁ፤ ምግቡ አላስችለው ብሎት ነው። ሳጅኗ እጁን አፍጥጣ ስታይ ቆየች። ከዚያ ሁለታችንንም ጣቢያው ማብሰያ ክፍል አስገብታ ሽንኩርትና ቢላ ሰጠችን።

እኔ ጣቴን ቆረጥኩ። እሱ ግን እጁ ለምዶበት እንደ ወረቀት ስስ አድርጎ ከተፈው። ከዚያ ቢላውን አስቀምጦ አለቀሰ።

«ወንድሜ በሩን ገፍቶ ገብቶ በሽርጥ አየኝ። ሳቀብኝ። ነገ ሥራ ቦታህ መጥቼ አወራልሃለሁ አለኝ። እሱ ሳህን ውስጥ መርዙን ጨመርኩበት። በምን ፊቴ እወጣ ነበር?»

ወይ ፊት! እኔ ዕድሜ ልክ ብታሰርለት ያ ፊቱ ምንም አይሆንም ነበር። ሰባት ዓመት አንድ ትራስ ላይ የተኛሁት ከዚህ ሰው ጋር ነው።

ተፈትቼ ልብሴን ልወስድ ቤት ስገባ ለቅሶው እንደሞላ ነው። ወሬው ቀድሞኛል። አማቴ አንዱ ልጃቸው ተቀብሮ፣ ሌላው ታስሮ፣ ተኮራምተው ተቀምጠዋል። አንጀቴን በሉት። ጎንበስ ብዬ «እማዬ፣ እግዜር ያጽናዎት» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ ብታበስዪ ኖሮ ሁለቱም ልጆቼ ይኖሩልኝ ነበር።»

«እውነትዎን ነው!» አለ ለቀስተኛው።