ሦስቱን ጆንያ አትጫኑ

ባለፈው ወር ጭነታችን ከደሴ ሲመለስ፣ ገዢው ድርጅት አብሮ የላከው ደብዳቤ ሁለት መስመር ብቻ ነበር፦ ምስሩ ውስጥ ጠጠር ተገኝቷል፤ ዳግም ከተገኘ ውሉ ይቋረጣል። የእኛ የመካነ ሰላም ምስር ለቃሚዎች ማኅበር ሃያ ስድስት ሴቶች አሉት። ሌላ ገዢ የለንም። ውሉ ከቀረ ሁሉም ወደየቤታቸው ነው፤ የጥራት ኃላፊዋ እኔም ጭምር።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የጥራት ሥራ አመራር ነው። ጥራት መጨረሻ ላይ ተፈትሾ እንደማይመጣ፣ በየደረጃው በሠራተኛው እጅ እንደሚሠራ አውቃለሁ። ግን ቸኮልኩ። በየጆንያው ላይ የለቃሚዋን ቁጥር አስጻፍኩና «ጠጠር የተገኘባት ትሰናበታለች» አልኩ። ሴቶቹ ወዲያው አንዷ የለቀመችውን በሌላዋ ጆንያ መጨመር ጀመሩ። ማንም ብቻዋን እንዳታፍር ነው።

«ያጠፋችዋን አታገኚያትም፣ እመቤት» አለችኝ ዘሊካ። ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት፤ ሰው አትፈራም። «አሠሪዬ እንዳንቺ ስትቆጣብኝ፣ የሰበርኩትን ብርጭቆ ሁሉ እቀብር ነበር። ወላሂ፣ ጓሮዋን ብርጭቆ ዘርቼላት ነው የመጣሁት!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ አልሳቅኩም፤ ልክ ነበረች። ቅጣቱን ሰረዝኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ስህተት ያየች ሥራውን ታስቁም፤ አትጠየቅበትም» አልኩ። ሴቶቹ ወደየሰፌዳቸው ተመለሱ።

በርክክቡ ቀን የድርጅቱ መርማሪ አህመዲን ከጭነት መኪናው ጋር መጣ። አርባ ጆንያ ተሰልፏል፤ የሦስት ቀን ሥራ ነው። ከስምንት ጆንያ በዘንግ ናሙና አውጥቶ ሰፌድ ላይ በተነው። አንድም ጠጠር የለም።

«ማሻአላህ» ብሎ እስክሪብቶውን አወጣ።

በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት እማማ አልታዬ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ቆይ ልጄ፣ አትፈርም። እነዚያን በር ላይ ያሉትን ሦስቱን አትጫኑ።»

«እማማ፣ አለፍን እኮ!» ጮህኩ መሰለኝ።

«አስቁሙ ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ወይስ እንግዳ እስኪመጣ ነበር?»

እሳቸው ወደ አህመዲን ዞሩ።

«ማታ ማታ ሥራ ስንፈታ ከሰፌድ የወደቀውን ጠርጌ በዕለቱ የመጨረሻ ጆንያ ላይ እጨምር ነበር። እህል እንዴት ይረገጣል ብዬ። ወለላችን ግን አፈር ነው። ዛሬ ጠዋት ጥራጊው ውስጥ ጠጠር ሳይ ገባኝ። የነዚህ ጥፋት የእኔ ነው፤ የባለፈውም የእኔው ነው።»

አህመዲን እስክሪብቶውን እንደያዘ እኔን አየኝ። ‹አርጅተዋል፣ አይስሟቸው› ብል ያምነኝ ነበር። መኪናው ተጭኖ ይሄድ ነበር፤ ጠጠሩም አብሮ።

ቢላዋ አነሣሁና የመጀመሪያውን ጆንያ ሲባጎ በጠስኩ። ከአፉ ላይ ብቻ አሥራ አንድ ጠጠር ወጣ።

ያዘዘ ሰው ሳይኖር ሃያ ስድስቱም ሰፌዳቸውን አነሡ። ዘሊካ ሾፌሩን «ሸራህን አውርድልን፣ መሬቱ ላይ እናንጥፈው» አለችው።

«ዝናብ ቢመጣስ?»

«ትታጠባለሃ! መቼም ሳትፈልገው አትቀርም።»

እሱም እየሳቀ አወረደው። ሦስቱ ጆንያ በሸራው ላይ እንደገና ተለቅሞ እኩለ ቀን ሳይሆን ተሰፋ። አህመዲን ሦስቱንም እስከ ታች በዘንጉ ወጋ። ምንም የለም። ፈረመ።

«እህል ስረከብ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው» አለኝ። «አልፏል ካልኩ በኋላ ‹አትጫን› ያለኝ ሰው አላየሁም። ከሌላው ጋር ጠጠር ስፈልግ ነው የምውለው። በሚቀጥለው ወር ስድሳ አዘጋጁ።»

ኮራሁ። በዲግሪዬም እንዲህ አልኮራሁም።

እማማ አልታዬ ግን ነጠላቸውን እያራገፉ ወደ እኔ መጡ። «ስድሳ ከሆነ በሰው ሸራ አይሆንም። ወለሉን ሲሚንቶ አድርጊልን። በሩንም አስፊልን፣ ብርሃን ያንሰናል። ደግሞ...»

ተናግረው ሳይጨርሱ ለግንበኛው እየደወልኩ ነበር።