የእትዬ አልታዬ መድኃኒት

ድሬሰር ጀላል ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየና እንደገና እንዲወጡ ለመናቸው። እትዬ አልታዬ ነጠላቸውን ለወርቄ አቀበሉ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ተመልሰው ወጡ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም፤ ዘጠና ስድስት ኪሎ።

«ነጠላዬን እኮ አውልቄያለሁ» አሉ፣ ጥፋቱ የነጠላው ይመስል።

ወርቄ ሳቋን ዋጠች። ከእመቤቷ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። እትዬ አልታዬ ሲዳሩ እናታቸው «ልጄ ሰው ቤት ብቻዋን አትገባም» ብለው ከሙሽራዋ በቅሎ ኋላ በእግሯ ያስከተሏት እሷን ነበር። ደመወዝ የሚባል ነገር በመሃላቸው ተነስቶ አያውቅም። ሆዷ ከቤቱ፣ ልብሷ በየመስከረሙ፣ መኝታዋ ከወፍጮው አጠገብ ነው። በእነዚያ ዓመታት እትዬ አልታዬ እየወፈሩ፣ ወርቄ እየከሳች ሄዱ። የመካነ ሰላም ከተማም ሁለቱን እንደ ደንብ ተቀበለች። የባለሱቅ ሚስት ካልወፈረች፣ ባልዋ ምኑን አበላት ሊባል ነው?

ጀላል ከደሴ መጥቶ ከገበያው በታች ክሊኒክ የከፈተ ወጣት ነው። የደም ብዛት መለኪያውን በክንዳቸው ላይ ጠቀለለ፣ ነፋ፣ አዳመጠ፤ ፊቱ ከበድ አለ።

«እትዬ፣ ልብዎ ከአቅሙ በላይ እየለፋ ነው። ይህ ውፍረት ካልቀነሰ ክኒን ብቻውን አያድንዎትም። ስፖርት መሥራት አለብዎት።»

«ምኑን?»

«ስፖርት። መሮጥ፣ ፈጠን ብሎ መሄድ፣ ላብ እስኪወጣ።»

«ልሩጥ? እኔ የፈንታሁን ሚስት? በገበያው መሃል?» እትዬ አልታዬ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረባቸው። «ልክፍት ያዛት ብለው ጠበል ይወስዱኛል እኮ!»

ጀላል አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «እሺ፣ ሩጫው ይቅር። የቤት ሥራም እኮ ከሠሩት ስፖርት ነው። ውኃ መቅዳት፣ መፍጨት፣ ልብስ ማጠብ፤ ከዚያ በላይ የሚያልብ የለም። አሁን ይህን ሁሉ የሚሠራልዎት ማነው?»

እትዬ አልታዬ ዞር ብለው ወርቄን አዩ። ጀላልም አያት። ወርቄ የያዘችውን ነጠላ ወደ ደረቷ አስጠጋች። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ እንዲህ አተኩሮ አይቷት አያውቅም፣ አልወደደችውምም።

ይህ የሆነው በስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል ባለፈ ማግሥት ነው። ጀላል ለኅዳር ሚካኤል ማግሥት ቀጥሯቸው ተለያዩ።

እትዬ አልታዬ ሞትን ፈርተዋል፤ የፈራ ሰው ደግሞ አይሰንፍም። በነጋታው መጥረጊያውን ከወርቄ እጅ ወሰዱ። በሦስተኛው ቀን ወፍጮው ሥር ተንበረከኩ። ወርቄ አጠገባቸው ቁጭ ብላ «በክንድዎ አይግፉት እትዬ፣ በወገብዎ ነው፤ መጁ ከዚያ ወዲያ ራሱ ይሄዳል» እያለች አሳየቻቸው። በሳምንቱ ተራው የእንስራው ሆነ።

ምንጩ ከከተማው በታች ነው፤ መውረዱ ምንም አይደል፣ መውጣቱ ነው ነፍስ የሚያወጣ። እትዬ አልታዬ እንስራውን እስከ ግማሹ ብቻ ሞልተው፣ ሦስት ቦታ እያረፉ ወጡ። ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁባቸው። ጎረቤታቸው ዘይነባ ብቻ «አብሽሪ አልታዬ፣ ጀሊሉ ጉልበት ይስጥሽ» ብላ አሸከመቻቸው። በዚያ ምንጭ የሞላ እንስራ ብቻዋን የምታነሳ ሴት የለችም። «አሸክሚኝ» ትላለች፤ ከኋላዋ ያለችው ታነሳላታለች፣ ገመዱን በደረቷ ላይ ታስተካክልላታለች፣ ከዚያ ደግሞ ተራዋን ትጠብቃለች። ባለቤትና ሠራተኛ የሚለው ነገር ምንጩ ጋ ሲደርስ ይቀራል።

ጥቅምት ሲጋመስ እትዬ አልታዬ ትንፋሻቸው ረዘመ። «ወርቄ፣ ዛሬ ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያረፍኩት!» ብለው ከበር ሲጮኹ ፊታቸው በላብ ያብረቀርቅ ነበር። የእግራቸው እብጠት ጎደለ። ወርቄ ደስ አላት፤ እውነት ደስ አላት። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ እጇን ምን ላይ እንደምታሳርፍ አጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰው የሚሠራው ሲያጣ ምሳው አይዋጥለትም። ወርቄ ድሮ ቆማ እየበላች እንኳ በሙሉ አፏ ነበር የምትጎርሰው። አሁን ተቀምጣ ትበላለች፤ ግን ሁለት ጉርሻ ጎርሳ «ጠገብኩ» ትላለች። የተጠረገውን ደግማ ትጠርጋለች፣ የታጠበውን ጣሳ ታጥባለች። ማንም ክፉ አልተናገራትም። እሷው ናት ራሷን ለምን ትበያለሽ ስትል የምትውለው።

የፈራችው አልቀረም። አንድ ቀን ማታ አቶ ፈንታሁን ከሱቅ ገብተው ኮታቸውን ሳያወልቁ ጀመሩ። ወርቄ ከመጋረጃው ወዲያ ነበረች።

«ዛሬ ደንበኛዬ አምባቸው ምን አለኝ መሰለሽ? ፈንታሁን፣ ከሰርክ እንዴ? ሠራተኛ ቤት አስቀምጠህ ሚስትህን እንስራ ታሸክማለህ አሉ! ሱቁ ሙሉ ሰው ሳቀ።»

«ሐኪሙ ያዘዘው እኮ ነው» አሉ እትዬ አልታዬ።

«ውኃ መቅዳት መድኃኒት ነው ብዬ ለማን ላስረዳ?» አቶ ፈንታሁን ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሰው አፍ ግን ይፈራሉ። በለሰለሰ ድምፅ ቀጠሉ። «ስሚኝ፤ እስከ ቀጠሮሽ ልታገሥ። ኪሎው ከቀነሰ ሥራው አድኖሻል ማለት ነው፤ በርቺበት። ያን ጊዜ ግን ወርቄ አገሯ ከላላ፣ ወንድሟ ዘንድ ትሂድ። ሠራተኛ የሌላት ሴት ውኃ ብትቀዳ የሚስቅ የለም። ካልቀነሰ ደግሞ የልጁ ወሬ ከንቱ ነው፤ እሷም ወደ ሥራዋ፣ አንቺም ወደ ቦታሽ።»

«ወንድሟ ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው፤ ያለችው ሚስቱ ናት። ወርቄን ደግሞ አትወዳትም።»

«እንግዲህ ቤት ቤት ነው» አሉ፤ ኮታቸውንም አወለቁ።

ወርቄ መኝታዋ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቀፈች። ሃምሳ ሊሞላት ምንም አልቀራት። ከዚህ ዕድሜ በኋላ ማን ይቀጥራታል? ባለፈው ወርቄ ሄዳ ሳለ የወንድሟ ሚስት ጎመን እንኳ የሰጠቻት ፊቷን አዙራ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ኑሮዋ በዚያ በጀላል ሚዛን ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ እትዬ አልታዬ ከከሱ እሷ ትወጣለች፣ ካልከሱ ትኖራለች።

ቀጥሎ ያደረገችውን እግዜር ይፍረድባት፤ እኔ አልችልም። በማግሥቱ ውርጩ ሳይነሳ ተነሳችና እንስራዎቹን ሁሉ ሞላች። የቀኑን እህል ፈጨች፣ ግቢውን ጠረገች፣ ልብሱን አጥባ አሰጣች። እትዬ አልታዬ ተነስተው ሲወጡ የሚሠራ ነገር የለም።

«ቀደምሽኝ?» አሉ በሩ ላይ ቆመው።

«እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው እትዬ።»

በነጋታውም እንቅልፍ እምቢ አላት፤ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ። እትዬ አልታዬ አንድ ሁለት ቀን «ተይ እንጂ» አሉ፤ ከዚያ አርፍደው ይነሱ ጀመር። ባዶ እንስራ አዝለው ለወጉ ያህል እስከ ምንጩ አፋፍ ደርሰው የሚመለሱበት ቀን ነበር። ለባላቸው «ዛሬም ቀዳሁ» ይሏቸዋል። ወርቄ ይህን እየሰማች ትደነቅ ነበር፤ ስንፍና መስሏት ነው። የልቧን ደስታ ግን ፍርሃት ይበላው ጀመር። የእመቤቷ እግር እንደገና አበጠ። ከአልጋ እስከ በር ሲደርሱ ግድግዳ ይደገፋሉ። ማታ ማታ የሚስሉት ሳል በመጋረጃው አልፎ ወፍጮው ጋ ይደርሳል፤ ወርቄም ጆሮዋን በጋቢዋ ትሸፍናለች። ቀጠሮው ይለፍ እንጂ፣ ቀስ ብዬ ራሴ አባብዬ አሠራቸዋለሁ እያለች ራሷን ትዋሻለች።

የቀጠሮው ቀን አቶ ፈንታሁን ራሳቸው አብረው ሄዱ። እትዬ አልታዬ ሚዛኑ ላይ የወጡት በባላቸው ትከሻ ተደግፈው ነው። ዘጠና ስምንት።

ጀላል ደነገጠ። «ሥራውን አልሠሩም እንዴ?»

«እንዴት አትሠራም!» አሉ አቶ ፈንታሁን። «ውኃው በእሷ፣ ወፍጮው በእሷ። ከተማ ሲስቅብኝ ከረመ እኮ።»

ጀላል ብዕሩን አስቀመጠ። «እንግዲያው ተሳስቼ ነበር ማለት ነው። የቤት ሥራ በቂ ስፖርት አይደለም። በሽታው ሌላ ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ! የቤት ሥራ የቤት ሥራ ነው፤ መድኃኒት ሆኖ አያውቅም።» አቶ ፈንታሁን ዞር ብለው ወርቄን አዩ። «በይ ወርቄ፣ ከነገ ጀምሮ እንደ ጥንትሽ።»

ሆነላት። የተመኘችው ሁሉ በአንድ አፍታ ሆነላት። እትዬ አልታዬ ወለሉን ያያሉ። ጀላል መለኪያውን ጠቅልሎ አዳመጠና ደግሞ አዳመጠ። ከዚያ አቶ ፈንታሁንን ወደ መስኮቱ ወስዶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የወርቄ ጆሮ ግን የጓዳ ጆሮ ነው፣ ሹክሹክታ አያመልጠውም። «ደሴ ሆስፒታል እጽፍልዎታለሁ። ግን አልደብቅዎትም፣ እንዲህ ከቀጠሉ ፋሲካን ማየታቸውን እንጃ።»

 ወርቄ ግድግዳውን ይዛ «እኔ ነኝ» አለች።

ሁሉም ዞሩ።

«ውኃውን የቀዳሁት እኔ ነኝ። የፈጨሁትም። ጥቅምት ከተጋመሰ ወዲህ አንድ ቀን አልሠሩም። እኔ ነኝ ሥራውን የቀማኋቸው፤ እንዳልባረር ብዬ።» እንባዋ ወረደ። «ሥራው መድኃኒት ነው ዶክተር። ሲሠሩ ሰንብተው ትንፋሻቸው ተመልሶ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

አቶ ፈንታሁን አፋቸውን ከፈቱ። የተናገሩት ግን እትዬ አልታዬ ናቸው።

«አውቅ ነበር።»

«ምን?» አሉ ባላቸው።

«መጁን በየቀኑ ተኝቼ እሰማው ነበር። ልነሳ እልና ደግሞ፣ ከተነሳሁ እኮ ትሄዳለች እላለሁ።» እትዬ አልታዬ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ደግሞም መተኛቱ ደስ ይለኝ ነበር። መዋሸት አልፈልግም።»

 ጀላል እትዬ አልታዬን ያያል፣ የወርቄን አጥንት የወጣ ክንድ ያያል፤ ምን እንደሚጽፍ ግራ የገባው ይመስላል። በመጨረሻ «ወደ ደሴም ይሂዱ፣ ሥራውንም ይጀምሩ» ብሎ ወረቀቱን ሰጣቸው።

ያን ቀን ቤት ሲገቡ አቶ ፈንታሁን አልተቆጡም። እንዲያውም በሩ ላይ ቆመው «እንግዲህ ትቀመጥ፤ የሚስቅ ይሳቅ» አሉ። እንዲህ ለማለት ምን ያህል እንደከበዳቸው ወርቄ አየች፤ አመሰገነቻቸውም።

ግን ስታስበው አደረች። ነገ እትዬ አልታዬ ይነሳሉ፤ ከነገ ወዲያም። በሦስተኛው ሳምንት ይደክማቸዋል፣ «ዛሬን ብቻ ወርቄ» ይላሉ። እሷ ደግሞ እምቢ ማለት አታውቅበትም፤ ማን አስተምሯት? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእጃቸው ስትቀበል ኖራለች። እንደገና ትቀበላቸዋለች፣ እንደገናም ያብጣሉ። ባላቸው ይቅር ያሉትን ነገር እሷ ለራሷ ይቅር ማለት አቃታት።

ጠዋት ጋቢዋንና የመስከረም ቀሚሷን ጠቅልላ ወጣች። እትዬ አልታዬ ቤት አልነበሩም። የከላላ መንገድ በምንጩ በኩል ነው፤ እዚያ አገኘቻቸው። እንስራቸውን እስከ አፉ ሞልተው፣ ብቻቸውን አጠገቡ ቆመዋል። ጥቅሏን አዩ።

«ፈንታሁን ትቀመጥ ብሏል እኮ» አሉ።

«ሰምቻለሁ እትዬ።»

«ታዲያ?»

«እኔ ካለሁ እርስዎ አይነሱም።»

 እውነት መሆኑን እትዬ አልታዬም ያውቃሉ።  በምንጩ ሌላ ሴት አልነበረችም፤ ውኃው ብቻ ይወርዳል። እትዬ አልታዬ ጀርባቸውን ሰጧትና ጎንበስ አሉ።

«አሸክሚኝ» አሉ።

ወርቄ ጥቅሏን ድንጋይ ላይ አስቀመጠች። እንስራውን አነሳች፣ ጀርባቸው ላይ አሳረፈች፣ ገመዱን በደረታቸው ላይ አጠበቀች። እትዬ አልታዬ አንድ እርምጃ ተራመዱ፣ ተንገዳገዱ፣ ቆሙ። የወርቄ ሁለት እጆች ሳታዛቸው ወደፊት ተዘረጉ። ግን አልነካቻቸውም። እትዬ አልታዬ ዳገቱን ጀመሩ።

ወርቄ የመጀመሪያውን ማረፊያ እስኪያልፉ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ጥቅሏን አንስታ የከላላን መንገድ ያዘች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከዚያ ምንጭ ጀርባዋ ባዶ ሆኖ ስትሄድ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ቀና ብላ መራመድ አቃታት።