ከተማው ወይስ ዳቦው

አቻን ጋምቤላ ከተማ፣ እትዬ ሺታዬ ቁርስ ቤት ማስተናገድ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ሁለቱንም ዓመት ሆዷ እየተነፋ፣ ጉልበቷ እየከዳት ነው ያሳለፈችው። ለደም ማነስ የታዘዘላትን ኪኒን ብትውጥም ለውጥ አላየችም። አቦቦ አጠገብ ያለው የእናቷ መንደር ስትከርም ግን ድና ትመለሳለች።

«ከተማ አልተስማማሽም» ትላታለች እትዬ ሺታዬ። «እስከ ገና ካልበረታሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ፤ አንቺም እናትሽ ጋ ግቢ።»

አቻን ግን ከተማውን ትወደዋለች፤ የራሷ ክፍል፣ የራሷ ቁልፍ አላት። ደግሞም ነገሩ አልገባትም። ሙቀቱ ያው፣ ትንኙ ያው፤ ታዲያ ምኑ ነው የማይስማማት?

ጤና ጣቢያው፣ ደም ማነሳቸው በኪኒን ያልተሻላቸውን አዋቂዎች ለሲሊያክ ሊመረምር መሆኑን ሰማች። ስንዴ አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም ነው፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው አብሮት ይኖራል ተባለ። ተመዘገበች። ቀጠሮው እስኪደርስ ግን፣ ለምርመራ የሚሰጥ ደም ላጠራቅም ብላ ክረምቱን እናቷ ጋ ከረመች።

በቀጠሮዋ ቀን መርማሪው ሩፋኤል ጣቷን ወግቶ ጠብታ ደም ወሰደ። መመርመሪያው ላይ ጠብ አድርጎ፣ ጠብቆ አየው።

«ነጻ ነሽ» አላት።

አቻን አልተነሳችም።

«ዶክተር፣ እናቴ ጋ ስሄድ ለምንድን ነው የምድነው?»

«እዚያ ምን ትበያለሽ?»

«የበቆሎ ገንፎ። ዓሣ።»

«ዳቦስ?»

«እናቴ ቤት? ማን ጋግሮት?»

ሩፋኤል እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ካልበላሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ክረምቱን ሙሉ። ደሜ እንዲበረታ ብዬ ነው።»

«ስንዴ ካልበላሽማ ምልክቱ ከደምሽ ይጠፋል። ስድስት ሳምንት በየቀኑ ዳቦ በልተሽ ተመለሺ። ካቃተሽ ግን ቶሎ ነይ።»

«እንድታመም ነው የምታዘኝ?»

«እንድናውቀው ነው።»

በላች። በአራተኛው ሳምንት ትሪ መሸከም አቃታት።

«ይኸው፣ ከተማው መልሶ ያዘሽ» አለች እትዬ ሺታዬ። አቻን ዳቦዋን ገመጠች።

በስድስተኛው ሳምንት መመርመሪያው ላይ የሕመሙ ምልክት የሆነው ሁለት መስመር ወጣ። ሩፋኤል ለማረጋገጫ ጅማ ሆስፒታል ላካት፤ እዚያ አንጀቷን በመሣሪያ አይተው ሕመሙ ሲሊያክ መሆኑን አረጋገጡ። ወረቀቷን ይዛ በቀጥታ ቁርስ ቤት ገባች።

«ከተማው አይደለም፤ ስንዴው ነው» አለች። «ስንዴና ገብስ ከተውኩ እበረታለሁ ብለውኛል።»

«ይኼማ ቀላል ነው» አለች እትዬ ሺታዬ። «እንጀራ ብይ። የኔ እንጀራ እንደሆነ ንጹሕ ጤፍ ነው።»

«ምንም አይገባበትም?»

እትዬ ሺታዬ ደንበኞቹን ዞር ብላ አየች። ከዚያ ጠጋ አለች።

«ትንሽ ፉርኖ ዱቄት።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«...ግማሹን።»

አቻን ሳቋ መጣ። እትዬ ሺታዬ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«ላንቺ በሌላ ዕቃ፣ ለብቻው ይቦካል። ሥራሽም የትም አይሄድም። ብቻ ይቺን ነገር እዚሁ ያዥልኝ።»