ሁለቱ ሃይላንዶች

ሲና የላብራቶሪውን በር ከፍታ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አንድ ነገር እንደጎደለ አየች። ትናንት ስትወጣ መስኮቱ ላይ ሁለት ሃይላንድ ነበር። ዛሬ ያለው አንድ ነው።

መቼም አገራችን ውስጥ በሃይላንድ የማይቀመጥ ነገር የለም። ዘይቱ በሃይላንድ፣ ላምባው በሃይላንድ፣ አረቄው በሃይላንድ። ያ ፕላስቲክ ዋና ሥራውን የሚጀምረው ውሃው ካለቀ በኋላ ነው። ከሁለቱ አንዱ የእትዬ ታየች ጸበል ነበር። እትዬ ታየች የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ እሑድ እሑድ እንጦጦ ወጥተው ጸበል ይቀዳሉ፤ ላብራቶሪው ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ተማሪም ስለማይነካካው፣ እዚያ መስኮት ላይ ያኖሩታል። ሲና ጴንጤ ናት። «አንድ ጉንጭ ብትቀምሺ ምን ትሆኛለሽ?» ይሏታል። «እትዬ፣ ጌታ ያለ ጸበልም ያውቀኛል» ትላቸዋለች፤ ይሳሳቃሉ። የኬሚስትሪ መምህርቷና የላብራቶሪው ኃላፊ እሷ ሆና፣ አንድም ቀን ጸበሉን ከዚህ ያንሱልኝ ብላ አታውቅም።

ሁለተኛው ሃይላንድ የራሷ ነው። ለተማሪዎች ሙከራ ጠንከር ያለ ኮስቲክ ሶዳ በጥብጣ ስትጨርስ የብርጭቆው ጠርሙስ ተሰንጥቆ አገኘችው፤ ባዶ ሃይላንድ አንስታ ገለበጠችበት። ስም አልጻፈችበትም። ማርከሩ ደርቆባት ነበር፤ የመዘምራን ልምምድም ረፍዶባታል። «ነገ እጽፍበታለሁ» አለች። ተማሪዋ እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ ክፍሉ እስኪሰማ ትጮህበት ነበር። አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ ማለት ይኸው ነው።

ከቀረው ጠርሙስ ትንሽ በመሞከሪያ ቱቦ ቀዳችና ጠቋሚውን ፈሳሽ ጠብ አደረገችበት። ኮስቲክ ሶዳ ቢሆን ወዲያው ሮዝ ይሆናል። አልሆነም። ነቀነቀችው፤ ያው ነው። እዚህ የቀረው ጸበሉ ነው፤ እትዬ ታየች የወሰዱት የእሷን ነው።

እየሮጠች ዘበኛው ጋ ደረሰች።

«ጋሽ ጀላል፣ እትዬ ታየችን አይተዋቸዋል?»

«አሁን ወጣች እኮ ቲቸር። ጳውሎስ ሆስፒታል፣ ልጇ ጋ። ሠርካዲስ ቁርስ ሳትቀምስ ጸበሏን ላድርስላት ብላ ነው በጠዋት የተጣደፈችው።»

ሠርካዲስ ሆዷን ታማ ከተኛች ሰንብታለች። ሲና ራሷ የምታስተምራት፣ ከፊት ወንበር የማትጠፋ ልጅ ናት። ሲና ስልክ ደወለች። ይጠራል፤ አይነሳም። ደግማ ደወለች። ታክሲ ውስጥ ገብታም ትደውላለች። ረዳቱ «ጳውሎስ! አንድ ሰው!» እያለ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሰው ይለምናል።

«በናትህ እንሂድ፣ የጎደለውን እኔ እከፍላለሁ!»

ታክሲው ተነሣ፤ ዊንጌት ሲደርስ ግን መንገዱ ተዘጋጋ። ሲና መቀመጥ አቃታት። በልቧ ቃል ታዘጋጃለች። «ለመሆኑ ጸበል ከኬሚካል ጋር ያስቀምጡ ያለዎት ማነው?» ስትለው ደስ አላት፤ ጥፋቱ ለሌላ ሰው ሲሆን መተንፈስ ይቀላል። ወዲያው የሠርካዲስ ጉሮሮ ትዝ አላትና ቃሉም ደስታውም ጠፋ። ወርዳ በመኪኖቹ መሐል መሮጥ ጀመረች።

ክፍሉ ስትደርስ ሠርካዲስ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ሃይላንዱ ኮመዲኖው ላይ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቷል። ሲና ሰላም እንኳ ሳትል ጠርሙሱን ነጥቃ ያዘችው።

«ጠጣሽው?»

«እኔ አልጠጣሁም ቲቸር። እማዬ ሁሌም ቀምሳ ነው የምትሰጠኝ።» ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። «ስትቀምሰው አፏን ይዛ ወጣች።»

ጠላም ይሁን ወተት፣ በእኛ ዘንድ የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ጉድ የለበትም ለማለት ነው። እትዬ ታየች ጸበሉንም እንደዚሁ ነበር የሚሰጡት።

ኮሪደሩ ጫፍ፣ ቧንቧው ላይ ጎንበስ ብለው ነርስ አፋቸውን እያስጉመጠመጠቻቸው አገኘቻቸው። ከንፈራቸው አብጧል። ሲና «ኮስቲክ ሶዳ ነው!» ብላ ጮኸች። ሐኪም ተጠራ፤ ጉሮሯቸውን ደጋግሞ አየ።

«አልዋጡትም። ምላሳቸውና ከንፈራቸው ይድናል» አለ። «ልጅቷ ጠጥታው ቢሆን ኖሮ ግን ጉሮሮዋን አናተርፍላትም ነበር።»

እትዬ ታየች በተላጠ ምላሳቸው እየተኮላተፉ የሲናን እጅ ያዙ። «ይቅር በይኝ ሲናዬ። ጸበል ከመርዝ ጋር ያስቀመጥኩ እኔ ነኝ። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።»

ታክሲ ውስጥ ያዘጋጀችው ቃል ነው፤ ሳትጠይቅ ተሰጣት። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። አፈረች፤ በእውነት አፈረች።

«አይደሉም» አለች። «የበጠበጥኩት እኔ ነኝ። በሚጠጣበት ጠርሙስ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ስም ሳልጽፍበት ወደ ቤቴ የሄድኩትም እኔ ነኝ።»

እትዬ ታየች እጇን ለቀቁ።

በማግስቱ ሲና ከልጅቷ ቁርስ በፊት መጣች። ጸበሉን ይዛለች። ዙሪያውን ወረቀት ለጥፋ በትልልቁ «ጸበል» ብላ ጽፋበታለች። እትዬ ታየች ጽሑፉን አነበቡት። እጃቸውን ግን አልዘረጉም።

ሲና ገባት። ክዳኑን ከፈተች። መዳፏን አጎድጉዳ ጠብ አደረገችበትና ከዚያ በፊት ቀምሳው የማታውቀውን ጸበል ጠጣች። እትዬ ታየች እስክትውጠው ድረስ ዓይናቸውን ከጉሮሮዋ ላይ አላነሱም።

«በይ፣ አሁን ስጫት» አሉ።